የአባቷ ቻይንኛ

ገጹ ሁለት ጊዜ ተቋረጠና በሦስተኛው ተከፈተ። ሰልሰቢል መጀመሪያ የራሷን የመፈተኛ ቁጥር አስገባች። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ቆይቶ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ አወረዳቸው። ማዳመጥ ሰማንያ አንድ፣ ማንበብ ሰማንያ አምስት፣ መጻፍ ሰባ ሰባት። ድምር ሁለት መቶ አርባ ሦስት።

«አለፍሽ እኮ» አለች አፍናን። አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ተንበርክካ በትከሻዋ በኩል ስክሪኑን እያየች ነበር። «ማለፊያው መቶ ሰማንያ አይደል? ቀልደሽባቸዋል።»

ሰልሰቢል ደብተሯ ውስጥ አጥፋ ያስቀመጠችውን ሁለተኛ ወረቀት አውጥታ የአባቷን ቁጥር መጻፍ ጀመረች። አንድ አሃዝ ተሳሳተች፤ አጥፍታ እንደገና ጻፈችው። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት እትዬ የሻለም ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ ተቀምጠው የአንድ ገበሬ መታወቂያ እያባዙ ነበር፤ የማሽኑ ድምፅ ካልሆነ በቀር ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ከማሉዲን ዑበይዳ። ማዳመጥ ሰማንያ አራት። ማንበብ ሃምሳ አንድ። መጻፍ ሃያ ስድስት። ድምር መቶ ስልሳ አንድ።

አፍናን ከወንበሩ ቀስ ብላ ወረደች። የምትለው ሲጠፋት የሻርፗን ጫፍ ታጥፋለች፤ አሁንም ያንኑ አደረገች።

«በማዳመጥ በልጦሻል» አለች በመጨረሻ።

ሰልሰቢል ቁጥሩን ደግማ አየችው። ከዚያ ሁለቱንም ውጤቶች በምስል አፍናን ስልክ ላይ አስቀመጠችና ገጹን ዘጋች።

ፈተናው ቻይንኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው ቋንቋውን ምን ያህል እንደሚያውቅ በደረጃ የሚለካ ነው። በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰጣል። አባቷ የዛሬ ዓመት ስለመኖሩም አያውቅም ነበር። ቻይንኛ ግን ያውቃል።

ከማሉዲን አሥራ አንድ ዓመት በመንገድ ሥራ አሳልፏል። ሲጀምር ድንጋይ ጫኝ ነበር። የቡድኑ አለቃ ሊዩ የሚባል፣ ሲቹዋን ከሚባል አገር የመጣ፣ ቶሎ የሚቆጣና ቶሎ የሚረሳ ሰው ነበር፤ ከማሉዲን ከእሱ አፍ እየሰማ ቋንቋውን ለቀመው። በሁለተኛው ዓመት ሠራተኛው ሁሉ አለቃው ሲጮህ ወደ ከማሉዲን ይዞር ጀመር። በአራተኛው ዓመት አለቃው ራሱ ከገበሬዎች ጋር ስለ መሬት ሲነጋገር፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ፣ የታመመ ሠራተኛ ሐኪም ቤት ሲወስድ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም ነበር። ይሁን እንጂ አስተርጓሚ ብሎ የቀጠረው የለም። ሥራው አልቆ ቻይናዎቹ መካነ ሰላምን ለቀው እስከወጡበት ቀን ድረስ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው መታወቂያ «የጉልበት ሠራተኛ» ይል ነበር።

እነሱ ከሄዱ አራት ዓመት ሆነ። የሰልሰቢል እናት ኑርጃን ወደ ጅዳ ከሄደች ደግሞ ሰባት። ስትሄድ ሰልሰቢል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። «አባትሽ ቋሚ ሥራ ሲይዝ እመጣለሁ» ትላለች እናቷ በደወለች ቁጥር። መጀመሪያ ላይ ሰልሰቢል ይህን ስትሰማ ቀኑን ትጠይቅ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተወችው።

ባለፈው መስከረም ወደ ማሻ በኩል አዲስ መንገድ ሊጀመር መሆኑ ተወራና ማስታወቂያ ተለጠፈ። አስተርጓሚ ይፈለጋል ይላል፤ ከሥሩ ግን «የቻይንኛ ብቃት ፈተና ሦስተኛ ደረጃ ያለፈ» የሚል መስመር ነበረበት። ከማሉዲን ማስታወቂያው ፊት ብዙ ቆሞ ወደ ቤት መጣ።

«ወረቀት ይላሉ» አለ።

መጽሐፉን ከኢንተርኔት አውርዳ እትዬ የሻለም ዘንድ ያሳተመችው ሰልሰቢል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አባቷም የአስር ሶላትን ሰግዶ ሲጨርስ፣ ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሷ ፊደሉን ታስተምረዋለች፤ እሱ ድምፁን ያስተምራታል። አንዳንዴ ይጋጫሉ። መጽሐፉ አሥርን «ሺ» ይላል፤ አባቷ «ሲ» ይላል።

«አባዬ፣ ሲ እኮ አራት ነው።»

«ሊዩ አሥርንም አራትንም ሲ ነው የሚለው።»

«እና እንዴት ትለዩት ነበር?»

«በጣቱ ያሳየናላ» ይልና ይስቃል።

ፊደሉ ግን አያስቀውም። ከማሉዲን ከአራተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጠው። ከዚያ በፊት አባቱ ሼህ ዑበይዳ ቁርኣን ያስቀሩት ነበር፤ አንቀጹን በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ጽፎ፣ ሲያውቀው አጥቦ፣ እንደገና እየጻፈ ነው ያደገው። እጁ የለመደው ያንን ነው። ቻይንኛውንም እንደዚያ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እያንዳንዱን ሰረዝ እያሳመረ ይጽፈዋል። ሰልሰቢል አምስት ፊደል ስትጨርስ እሱ አንዱን እየጨረሰ ነው። የእሱ ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን ይመስላል፤ የእሷ አይመስልም።

የፈተናው መመዝገቢያ ሲደርስ «አስተማሪዬ ሳትፈተን እኔ ብቻዬን አልቀርብም» አለ። እናቷም «እሷም ትሞክር» ብላ የሁለቱንም የመፈተኛ ገንዘብ ላከች። በመጋቢት ወር አንድ ቀን ተኩል ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ።

ፈተናው በሚሰጥበት አዳራሽ ሁሉም ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ጆሮ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በሹክሹክታ ቃላት ይደግማሉ። ከማሉዲን የዒድ ቀን የሚለብሳትን ኮት ለብሶ፣ ሁለት እርሳስ በኪሱ ይዞ ገባ። በር ላይ የቆመችው ቻይናዊት ፈታኝ መታወቂያውን ስትጠይቀው በቻይንኛ መለሰላት። ቀና ብላ አየችውና አንድ ነገር ጠየቀችው፤ መለሰላት። እሷ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ ቆመው ማውራት ቀጠሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ተማሪ ሁሉ ዞሮ ያያቸው ጀመር። ሰልሰቢል በሕይወቷ እንደዚያን ቀን በአባቷ ኮርታ አታውቅም። አንድ ልጅ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «ሰውዬው የት ነው የተማሩት? ቤጂንግ?» አላት።

«መካነ ሰላም» አለችው።

ማዳመጡ ሲጀመር አባቷ አንገቱን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አድርጎ ሲሰማ፣ አንዳንዴም ፈገግ ሲል አየችው። ከዚያ ማንበቡ ተጀመረ። ሠላሳ ጥያቄ በሠላሳ ደቂቃ። እሷ የመጨረሻውን ገጽ ስትገልጥ እሱ ገና በመጀመሪያው ላይ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ ነበር። ጽሕፈቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ጊዜው አለቀ ሲባልና ወረቀቱ ሲሰበሰብ እርሳሱ አሁንም ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ፈታኟ በቀስታ ከእጁ ሥር ሳበችው። በር ላይ ያዋራችው ያችው ልጅ ነበረች። አሁን ግን ቀና ብላ አላየችውም።

«ሦስቱን ጻፍኩ» አላት ሲወጡ። «ለሌላው ጊዜው ሮጠብኝ። በማዳመጡ ይካካሳል፣ ኢንሻአላህ።»

ሰልሰቢል ከእትዬ የሻለም ቤት ወጥታ ወደ ቤት ስትሄድ ይህን «ኢንሻአላህ» እያሰበች ነበር። አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተሰበረ የአካፋ እጀታ ይጠግናል። አክስቷ ኡምኩልሱም ጓዳ ውስጥ ምስር ይለቅማሉ።

«ዛሬስ ወጣ?» አለ አባቷ፣ ቀና ሳይል።

የምትለውን ይዛ ነበር የመጣችው። መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጀው ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ገና ነው፣ አባዬ። አልወጣም።»

«ኔትወርኩ ይሆናል» አለ።

«አዎ። ኔትወርኩም አስቸግሯል።»

ያ ሰኞ ዕለት ነበር። ማክሰኞም «ገና ነው» አለች። ማክሰኞ ከሰኞ ይልቅ ቀለላት፤ ይህ ራሱ አስፈራት።

ረቡዕ ከሰዓት እናቷ በኢሞ ደወለች። ፊቷ በስልኩ መስታወት ላይ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴ እየቆመ ይታያል። ማድቤት ውስጥ ነች፤ ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ አለ።

«ማዳም ኮንትራቱን አድሺ እያለችኝ ነው» አለች ኑርጃን። «ሁለት ዓመት። ነገ ማታ መልስ ትፈልጋለች። እምቢ ካልኳት ሌላ ሠራተኛ ታስመጣለች፣ እኔም በወሩ እገባለሁ። ከማሉ፣ ምን ልበላት?»

ከማሉዲን ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው። «እስከ ነገ አቆዪያት። ውጤቱ ዛሬ ነገ ይወጣል። እኔ ካለፍኩ አትፈርሚ።»

«ካላለፍክስ?»

«ማዳመጡ ውኃ ነበር የሆነልኝ። አልፋለሁ።»

እናቷ ዓይኗን ወደ ሰልሰቢል አዞረች። «ሰልሲዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? አባትሽ ያልፋል?»

ሰልሰቢል የአባቷን ትከሻ ተደግፋ ቆማ ነበር። «ይመስለኛል» አለች።

ኑርጃን ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ወይም ምስሉ ቆሞ ነበር። «እኔ እኮ ልብሴን ማጣጠፍ ጀምሬያለሁ» አለች። «ሞኝ ነኝ አይደል?»

በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ በእረፍት ሰዓት ሰልሰቢል ለአፍናን ሁሉንም ነገረቻት። ከክፍሉ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብለዋል። አፍናን እስከ መጨረሻው ሰምታ ስልኳን አወጣች።

«አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ግን አትጩሂብኝ።»

የከማሉዲን ውጤት ነው። መቶ ዘጠና አንድ ይላል። ሃያ ስድስት የነበረው መጻፍ ሃምሳ ስድስት ሆኗል።

«ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የነካሁት» አለች አፍናን። «ስድስቷን ዘጠኝ፣ ሁለቷን አምስት። ድምሩም ልክ ነው፣ ደምሬዋለሁ።»

«አፍናን።»

«ቆይ ስሚኝ። አባትሽ ሥራውን ይችላል ወይስ አይችልም?»

«ይችላል።»

«ካንቺ በላይ ይችላል። ያለፉት ልጆች ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ የተቆጣ ቻይናና አንድ የተቆጣ ገበሬ ማስታረቅ ይችላሉ? እሱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስታርቅ ነበር። ታዲያ ውሸቱ የታለ?»

ሰልሰቢል ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለችም።

አፍናን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የእሷ እናት ከኩዌት የተመለሱት ባለፈው ዓመት ነው። «እናቴ ከመጣች ወዲህ ጠዋት ስነሳ ቤታችን ውስጥ የሰው ድምፅ አለ» አለች። «አንቺም ይሄ እንዲኖርሽ ነው የፈለግኩት። በቃ ሌላ የለኝም።»

ከትምህርት ቤት ሲወጡ እትዬ የሻለም ጋ ገቡ። «ምን ላትምላችሁ፣ የኔ ልጆች?» አሉ እትዬ የሻለም። አፍናን ላከችላቸው። ማሽኑ ሁለት ወረቀት አወጣ፤ አንዱ የሰልሰቢል ነው፣ አንዱ የአባቷ። እትዬ የሻለም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአቸውና «ሁለታችሁም አለፋችሁ? እሰይ፣ እግዜር ይመስገን። አባትሽን እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ» አሉ። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር።

አባቷ ከቀን ሥራ ተመልሶ እግሩን እየታጠበ ሳለ ደረሰች። ወረቀቱን ስትሰጠው እጁን በሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጎ ተቀበላት። መቶ ዘጠና አንድ የሚለውን አየ። ወደ ላይ ተመልሶ ስሙን አነበበ፤ እንደገና ቁጥሩን አየ።

«ያንቺስ?»

የራሷን ሰጠችው።

«ሁለት መቶ አርባ ሦስት» አለ። ከራሱ ይልቅ እሱን ብዙ አየው። «ኡምኩልሱም፣ ነይ እይ። ይቺ ልጅ ቻይና ሄዳ አታውቅም እኮ።»

አክስቷ እጃቸውን እያራገፉ ከጓዳ ወጡ፤ ማንበብ ባይችሉም ሁለቱንም ወረቀት ተቀብለው ሳሟቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ኑርጃኔ ልትመጣ ነው በሉኛ» አሉና እንባቸው መጣ።

ከማሉዲን የራሱን ወረቀት መልሶ ወሰደ። ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ ወረደና መጻፍ የሚለው ላይ ቆመ።

«ሃምሳ ስድስት» አለ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ሦስት ብቻ ነበር እኮ የጻፍኩት። ሃምሳ ስድስት እንዴት ሰጡኝ?»

ሰልሰቢል ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

እሱ ግን እሷን አላየም። ወረቀቱን ትንሽ ራቅ አድርጎ ያዘውና ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «እጅ ጽሑፌን ወደውት ይሆናል» አለ። «አባቴ ይሙት፣ ጽሑፌን ወደውታል።»

ውዱእ አድርጎ ጨርሶ ነበር። የመስገጃ ምንጣፉን ጥግ ላይ ዘረጋና ለምስጋና ተደፋ። ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሰልሰቢል በሩ ላይ ቆማ የእግሩን መርገጫ፣ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀውን ተረከዙን ታያለች። ማሻ ያሉት ሰዎች ይህን ወረቀት ሲቀበሉ ቁጥሩን አስገብተው ማየት ይችላሉ፤ እሷ እንዳየችው። ይህን ወረቀቱ ሲታተምም ታውቀው ነበር። አሁን ግን ያሰበችው እሱን አልነበረም። አባቷ ያላገኘውን ነገር እያመሰገነ ነው። የሰጠችው እሷ ነች፤ እሱ ግን ሌላ የሰጠው መስሎታል።

ተነስቶ ምንጣፉን አጠፈ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆኗል። «ስልኩን አምጪልኝ። ለእናትሽ እንደውልላት፣ ሳትፈርም።»

ስልኩ እጇ ውስጥ ነበር። አልሰጠችውም።

«አባዬ፣ ቁጭ በል።»

«ምነው?»

«ቁጭ በልልኝ።»

ተቀመጠ። እሷ እንደቆመች ነገረችው። ሰኞ እንዳየችው፣ ማክሰኞና ረቡዕ እንደዋሸችው፣ ሁለቱ ቁጥሮች የትና እንዴት እንደተቀየሩ። የአፍናንን ስም አልጠራችም። «እኔ ነኝ» አለች። እየተናገረች ሳለ አክስቷ የያዙትን የእሷን ወረቀት መደብ ላይ አኖሩና ሹልክ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እጁን አሳረፈበት።

«እውነተኛው ስንት ነው?»

«መቶ ስልሳ አንድ።»

«ጽሕፈቱ?»

«ሃያ ስድስት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው። ሦስት ነው የጻፍኩት።»  ጓዳ ውስጥ ዕቃ ተንኳኳና ጸጥ አለ። «ሰኞ ነው ያልሽኝ?»

«ሰኞ።»

«እና እኔ ትናንት ለእናትሽ አትፈርሚ ስላት አንቺ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

ዓይኑን ወደ መደቡ አዞረ፤ የእሷ ወረቀት እዚያ ነው። ሲጠይቃት ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ መልሱን የፈራ ሰው ድምፅ ነው።

«ያንቺው ግን እውነት ነው?»

«የኔ እውነት ነው፣ አባዬ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። አባቷ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ወሰደ። የራሱን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ሰጣትና «ምድጃው ውስጥ ክተችው» አለ።

ከጓዳ ሆና ሲያወራ ሰማችው።

«ኑርጃን። ውጤቱ መጣ። እኔ አልሆነልኝም።» ዝም አለ። «አይ፣ በትንሽ አይደለም። ቀጣዩ ከወራት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቦታው ይያዛል።» ዝም አለ። «ፈርሚ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለት ዓመት ነው። ያልቃል። ስሚ፣ ልጅሽ አልፋለች። ሁለት መቶ አርባ ሦስት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት በያቸው እዚያ ላሉት።» ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገረም።

ዓርብ ለአፍናን «ነገርኩት» አለቻት። አፍናን የሻርፗን ጫፍ አጠፈች፣ ፈታች። «ስሜን ጠራሽ?» «አልጠራሁም።» አፍናን እዚያው ፊቷ ስልኳን ከፍታ ምስሉን አጠፋችውና ወደ ክፍል ሲገቡ ክንዷን ያዘቻት። 

ሰኞ ጠዋት ከማሉዲን ወደ ማሻ ሄደ። የመንገድ ሥራው ጉልበት ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና ለዚያ ወረቀት አይጠይቁም። ሚኒባሱ በአቀስታ በኩል ነው የሚሄደው፤ መኪናው ስላልሞላ ረዳቱ ገና ተሳፋሪ እየተጣራ ነው። ሰልሰቢል የአባቷን ብርድ ልብስና ቦቲ ጫማ የያዘውን ማዳበሪያ ታቅፋ አጠገቡ ቆማለች። ብርዱ ጣቶቿን ያደነዝዛል።

«ቻይንኛ እንደምትችል ትነግራቸዋለህ?» አለችው።

«አሁን አልነግራቸውም» አለ። «ሥራው ሲከብድ እርስ በርሳቸው ሲሳደቡ እሰማለሁ። ይበቃኛል።» ትንሽ ቆየና «ከጠየቁኝ እመልሳለሁ» አለ።

ማዳበሪያውን ተቀብሏት መኪናው ላይ ከጫነ በኋላ ተመልሶ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ራሷን ዳበሳት፤ ከሐሙስ ወዲህ ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

«ለእናትሽ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ» አለ። «ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ረስቼው አይደለም። የኔ ስላልሆነ ነው።»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሚኒባሱ የገበያውን መታጠፊያ አልፎ ከዓይኗ ተሰወረ። የትምህርት ቤት ልብስ የለበሱ ልጆች በቡድን በቡድን እየሆኑ ያልፋሉ፤ አንዲት የክፍሏ ልጅ ጠራቻት፣ ሰልሰቢል «ሂጂ፣ እደርሳለሁ» አለቻት።

አባቷ ትቶላት በሄደው ስልክ ለእናቷ ደወለች። እንዲህ በጠዋት ደውላ አታውቅም። ሁልጊዜ የምትደውለው እናቷ ነች። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ።

«ሰልሲ? ምነው በዚህ ሰዓት? ሰላም ናችሁ?»

«ሰላም ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አባዬ አሁን ሄደ።»

«ኢንሻአላህ በሰላም ይግባ። ምነው ድምፅሽ? ልጆቹን ቁርስ እያበላሁ ነው፣ ቶሎ ንገሪኝ።»

«ቶሎ የሚነገር አይደለም፣ እማዬ» አለች ሰልሰቢል። «እስክትጨርሺ እጠብቅሻለሁ።»

እናቷ ስልኩን ሳትዘጋው የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። ሰልሰቢል የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ሳህን ከሳህን ሲጋጭ፣ ውኃ ሲወርድ፣ አንድ ሕፃን በዐረብኛ ሲነጫነጭ፣ እናቷም በዚያው ቋንቋ ስታባብለው ይሰማታል። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። መንገዱ ላይ የቀሩት ልጆች ሮጡ። እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

በመጨረሻ አንድ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ራቀ።

«እሺ የኔ እናት» አለች ኑርጃን። «ብቻዬን ነኝ።»

ሰልሰቢል አንዴ ተነፈሰች።

«ያለፈው ሰኞ ነው» ብላ ጀመረች።